ውሃ መንገድ አያጣም፦ የቤት መኪና ጣሪያ ከሸራ እስከ ጎማ

አናጢ ቆርቆሮ ሲመታ ምስማሩን የሚተክለው ቆርቆሮው ጉብ ባለበት ነው። ጎድጎዱ የውሃ መንገድ ስለሆነ እዚያ የተመታ ምስማር ክረምቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ይከርማል። ይህን የተማርኩት የልጅነት ቤታችን ጣሪያ በታደሰበት በጋ ነው። አናጢው ሦስት አራት ምስማር በከንፈሩ ይዞ፣ ከእያንዳንዱ ጭንቅላት ሥር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠች ክብ ላስቲክ እየሰካ፣ ጉቡን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ ይመታ ነበር። ዳሰሳው ከመዶሻው ይበልጥ ጊዜ ይወስድበታል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቨርጂንያ ውስጥ፣ የአጎቴ ልጅ ያገለገለ ሞተርሆም፣ ማለትም የቤት መኪና፣ ገዝቶ "እስኪ ጣሪያውን እይልኝ" ሲለኝ በመሰላል ወጣሁ። ዓይኔ መጀመሪያ የፈለገው ያንኑ ጉብታ ነበር፤ አጣሁት። ጣሪያው እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው። እጄን ሳሳርፍበት ጠመኔ የመሰለ ነጭ ዱቄት መዳፌን ሞላው። "ጎማ ነው፤ ምንም አይልህም፣ ርገጠው" አለኝ ከታች ሆኖ። ረገጥኩት። እስከ አየር ማቀዝቀዣው ድረስ ጠንካራ ነበር፤ ከማቀዝቀዣው ጥግ ላይ ግን እግሬ ስፖንጅ እንደረገጠ ሁሉ ሰመጥ አለ። ስለ ቤት መኪና ጣሪያ እንዳነብ፣ እንድጠይቅና ሌሎች ጣሪያዎች ላይም እንድወጣ ያደረገችኝ ያች የሰመጠች ቦታ ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቆመ ቤት ጣሪያ ሥራው ዝናብና ፀሐይ መከላከል ነው። የሚሄድ ቤት ጣሪያ ግን ከዚያ በላይ ይጠየቃል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ነፋሱ ከፊት ጠርዝ ገብቶ ሊገሽልጠው ይታገላል። መንገዱ ያለ ማቋረጥ ያንቀጠቅጠዋል፤ ቤት ላይ በዕድሜው አንድ ጊዜ ቢደርስ መሬት መንቀጥቀጥ የምንለው ነገር ለሞተርሆም የየቀን ኑሮው ነው። ክብደቱም ከላይ ስለሚያርፍ ከባድ ጣሪያ መኪናውን በኩርባ ላይ ያዘነብለዋል። ስለዚህ ሸክላም፣ የቤት ቆርቆሮም፣ ኮንክሪትም አይሆኑለትም። ቀላል፣ ተለጣጭና ውሃ የማያስገባ ነገር ያስፈልገዋል። ከመቶ ዓመት በላይ የተደረገው ፍለጋ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ላይ ለማግኘት ነው።

የመጀመሪያው መልስ ጨርቅ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፔንሲልቫንያ የተሠሩት የኮኔስቶጋ ሠረገሎች በተቀለበሱ የእንጨት ቀስቶች ላይ ሸራ ለብሰው፣ ሸራውም የተልባ ዘይት ጠጥቶ ነበር የሚጓዙት። የተልባ ዘይት እንደ ሌላው ዘይት ዝም ብሎ አይደርቅም፤ ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ ወደ ጠንካራ ቆዳ ይለወጣል። እኛ ተልባን ቆልተን በጥብጠን ስንጠጣ፣ ሌላው ዓለም ከግንዱ ጨርቅ፣ ከፍሬው ደግሞ የጨርቁን ውሃ መከላከያ አውጥቶ ጣሪያ አድርጎታል። በእንግሊዝ አገር የሮማኒ ሕዝብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩባቸው የፈረስ ጋሪ ቤቶችም ብዙዎቹ ይኸው በቀስት ላይ የተዘረጋ ሸራ ነበራቸው። ሸራ ቀላል ነው፤ ቢንቀጠቀጥም አይሰበርም፤ ሲቀደድ በመርፌ ይሰፋል። ድክመቱን ግን ድንኳን ውስጥ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። ዝናብ እየመታው ሳለ ከውስጥ በጣት ከነካኸው ከዚያች ነጥብ ያንጠባጥባል። ዘይቱም ከዓመታት በኋላ እየደረቀ በታጠፈበት ይሰነጠቃል።

ለሽርሽር ብሎ በቤት መጓዝ የተጀመረው በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ነው። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ስኮትላንዳዊ፣ ቀድሞ የባሕር ኃይል ሐኪም የነበረ፣ በ1885 "ዋንደረር" ያለውን የማሆጋኒ እንጨት ቤት በሁለት ፈረሶች አስጎትቶ ከደቡብ እንግሊዝ እስከ ስኮትላንድ ኢንቨርነስ ተጉዟል። ቤቱ ወደ ሁለት ቶን ይመዝን ነበር። እንጨት ከሸራ ይሻላል ያለ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው፤ ፈረሶቹን ዳገት ላይ የሚጠብቃቸውን ማሰብ ነው።

መኪና ሲመጣ ነገሩ ፈጠነ። በ1910 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ፒርስ አሮው የተባለው ፋብሪካ መኝታና መታጠቢያ ያለው መኪና አሳየ፤ እሱ የባለጸጎች ነበር። ሕዝቡ ግን በፎርድ ሞዴል ቲ ጀርባ ድንኳን እያሰረ ወጣ። በ1919 በፍሎሪዳ ታምፓ ከተማ "የቆርቆሮ ጣሳ ቱሪስቶች" የተባለ ማኅበር ሲቋቋም የአባላቱ ጣሪያ በአብዛኛው ሸራ ነበር። አርተር ሸርማን የተባለ የዲትሮይት የባክቴሪያ ተመራማሪ ግን በሸራው ተማረረ። በአምስት ደቂቃ ይተከላል የተባለ የድንኳን ተሳቢ ገዝቶ ቤተሰቡን ይዞ ቢወጣ ዝናብ ያዛቸው፤ ድንኳኑ አልተከል ብሎ ሁሉም በሰበሱ። ተመልሶ ከሜሶናይት፣ ማለትም በእንፋሎት ፈንድቶ ከተጨፈለቀ የእንጨት ቃጫ ሰሌዳ፣ ሳጥን የመሰለ ቤት አሠራ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ኩባንያው በአሜሪካ ትልቁ የተሳቢ ቤት አምራች ሆነ። የዚያ ዘመን ጠንካራ ጣሪያዎች ብዙዎቹ ሰሌዳ ላይ ሸራ ተለጥፎ በቀለም የተደፈነባቸው ነበሩ። ጣሪያው አሁን አይረግብም፤ ግን ሰሌዳ በጠርዙ በኩል ውሃ ካገኘ ዳቦ ሆኖ ያብጣል። ውሃው ከሸራው መሃል ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ተዛወረ ማለት ነው። ይህን መዛወር ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ አዲስ ጣሪያ ላይ እየተመላለሰ እናገኘዋለን።

ከሁሉም ጣሪያዎች ታሪኩን አብልጬ የምወደው የአሉሚኒየሙን ነው። ዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ በየቀኑ የሚያልፍበት የዋሽንግተን ሐውልት ጫፉ ላይ የአሉሚኒየም ቆብ አለው። በታኅሣሥ 1884 ሲገጠም ክብደቱ ሦስት ኪሎ አይሞላም ነበር፤ ብረቱ ያን ጊዜ ከብር ጋር በዋጋ ይፎካከር ስለነበር ያም ብዙ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1886፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ዘዴ አገኙ፤ አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ ከማዕድኑ መለየት ተቻለ፣ ዋጋውም ወደቀ። ከዚያ አውሮፕላኑ ወሰደው፤ ከአውሮፕላኑ ደግሞ ወደ ቤት መኪና ተሻገረ። አሻጋሪው ሆውሊ ቦውለስ ነው። የአብራሪው ቻርልስ ሊንድበርግ አውሮፕላን በ1927 ሳን ዲዬጎ ውስጥ ሲሠራ የፋብሪካው ሥራ መሪ ነበር። በ1934 ያንኑ የአውሮፕላን ጥበብ ይዞ፣ ላሜራ በላሜራ ላይ በሪቬት እየሰፋ፣ የዓሣ ቅርጽ ያለው ተሳቢ ቤት ሠራ። ንግዱ አልሰመረለትም። ሐሳቡን ያነሣው ዋሊ ባያም ነው፤ በ1936 ኤርስትሪም ክሊፐር የተባለውን ተሳቢ ቤት ለገበያ አወጣ።

የኤርስትሪም ጣሪያ ጥሩ የሆነው አሉሚኒየም ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቅርጹ ነው። ከላይ እስከ ታች ጉብ ያለ ነው። ውሃ የሚቋጥርበት ሜዳ የለውም። ቋሚ፣ ማገር፣ ወራጅ የሚባል እንጨት በዛጎሉ ውስጥ ስለሌለ የሚበሰብስም የለም፤ ቆዳውና ቀጭን የብረት ጎድን አጥንቶቹ ተጋግዘው ይሸከማሉ። የእኛ አናጢ ቢያየው ወዲያው ይገባው ነበር። ባያም ደግሞ ቤቶቹን በማስታወቂያ ብቻ አላመሰገነም፤ አንቀጥቅጦ አሳያቸው። በ1959 41 ተሳቢ ቤቶች አስከትሎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ተነሣ። ከ100 በላይ ተጓዦች የያዘው ሰልፍ ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲገባ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል፤ ጉዞው በ1960 ግብፅ ላይ አበቃ። ያንጊዜ በዚያ መንገድ የቆመ እረኛ ፀሐይ የሚመልስ 41 የብር እንቁላል በተርታ ሲያልፍ አይቶ ማታ ቤቱ ምን ብሎ እንደነገረ ባውቅ ደስ ባለኝ።

ሆኖም ኤርስትሪምም ያንጠባጥባል። ሪቬት በሺህ ይቆጠራል፤ በላሜራና በላሜራ መካከል የተቀባው ማሸጊያ ይደርቃል። የገባው ውሃ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ሾልኮ፣ ማንም ሳያየው፣ ወለሉ ላይ ይደርሳል። የድሮዎቹ ወለል ኮምፔንሳቶ ነው። የድሮ ኤርስትሪም የሚያድሱ ሰዎች መጀመሪያ የሚመለከቱት ጣሪያውን ሳይሆን በስተኋላ ያለውን የወለል ጠርዝ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙኃኑ የገዛው አሉሚኒየም ግን የባያም ዓይነት አልነበረም። የእንጨት አጥንት ተሠርቶ፣ በላዩ ቀጭን የአሉሚኒየም ወይም የገላቫናይዝድ ላሜራ ተዘርግቶ፣ በጠርዙ በብሎን የታሰረ ነበር። ርካሽ ነው፤ የትኛውም ሠራተኛ ያበጀዋል። ጉዳቱ ሁለቱ ቁሶች በሙቀት እኩል አለመሄዳቸው ነው። 10 ሜትር ርዝመት ያለው አሉሚኒየም ከሌሊት ውርጭ እስከ ቀትር ፀሐይ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ቢለዋወጥ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ከሥሩ ያለው እንጨት በቁመቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ቢያክል ነው። አንዱ ሊሄድ፣ ሌላው ሊቀር ሲጓተቱ በመካከላቸው የተቀረቀረው ብሎን በየቀኑ ቀዳዳውን ያሰፋል። ብሎኑ ብረት፣ ላሜራው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ እርጥበት ሲያገኛቸው አንዱ ሌላውን ይበላዋል። በዚህ ላይ ላቡ አለ። አራት ሰው ተዘግቶ ሲተኛ የሚያወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ነክቶ በኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ባለቤቱም ጣሪያው ተቀደደ ብሎ በማይፈስበት ቦታ ማሸጊያ ሲቀባ ይውላል።

የፋይበርግላስ መምጣት ለዚህ መልስ ነበር። የመስታወት ክር በፖሊስተር ሙጫ ተነክሮ በቅርጽ ላይ ሲደርቅ እንደ ጀልባ አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። በ1953 ሼቭሮሌ የኮርቬት መኪናውን አካል ከሱ ሠራ፤ በሚቺጋን ሬይ ፍራንክ ሞተርሆም በተከታታይ ማምረት ከጀመረ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ የሱም መኪና ወደ ፋይበርግላስ ተለወጠ። ለእኔ ግን የዚህ ሁሉ ቁንጮ ትንሿ ቦለር ናት። ካናዳ ዊኒፔግ ውስጥ ሬይ ኦሌኮ የተባለ፣ የፋይበርግላስ ሴፕቲክ ታንክ ሥራ የሚያውቅ ሰው፣ በ1968 13 ጫማ የምትረዝም ተሳቢ ቤት አወጣ። ላይኛው ግማሽ አንድ፣ ታችኛው ግማሽ አንድ፤ ሁለቱ እንደ ተፈለቀቀ እንቁላል በወገቧ ዙሪያ ይገጥማሉ። ስፌቷ ጣሪያዋ ላይ የለም። ዝናብ ከላይ ሲወርድ ያ መጋጠሚያ ቁልቁል ያሳልፈዋል እንጂ አይቋጥረውም። ከቦለሮቹ መካከል ብዙዎቹ ከ50 ዓመት በኋላ ዛሬም መንገድ ላይ ናቸው።

ታዲያ ሁሉም ለምን እንደሷ አልተሠራም? ቅርጹ ውድ ስለሆነ ነው፤ ቤቱን አንድ ሜትር ልጨምርበት ያለ አምራች አዲስ ቅርጽ ማሠራት አለበት። ትልልቆቹ አምራቾች ስለዚህ የመረጡት በጥቅል የሚመጣ ስስ የፋይበርግላስ ንጣፍ ነው። ንጣፉን በስቲሮፎምና በኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፎ፣ ጠርዙን በመከታ አስሮ ጣሪያ ማድረግ። ሁለቱም "ፋይበርግላስ" ይባላሉ፤ ሻጭም ይህን ልዩነት አያነሣም። ግን አንዱ ዛጎል ነው፣ ሌላው ምንጣፍ። በ1966 አይዋ ውስጥ ሞተርሆም ማምረት የጀመረው ዊኔባጎ ፎም በሁለት ገጽ መካከል ያጣበቀውን ግድግዳ ይዞ ዋጋውን አወረደ፤ ቤት መኪናም ከጥቂቶች እጅ ወጥቶ የመካከለኛ ኑሮ ሰው ዕቃ ሆነ። ይህ ሳንድዊች ቀላልና ሙቀት የሚይዝ ነው። ውሃ ከጠርዙ ከገባው ግን ሙጫው ይለቅና ፊቱ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይነፋል፤ ያንጊዜ መጠገን እጅግ አድካሚ ነው። አውሮፓውያን አምራቾች በበኩላቸው ከአሉሚኒየም ጣሪያ ወደ ፋይበርግላስ እንዲዞሩ የገፋፋቸው አንዱ ነገር በረዶ ነው። በረዶ አሉሚኒየሙን ጎርበጥበጥ አድርጎት ሲሄድ ፋይበርግላሱ መልሶ ያነጥረዋል።

አሁን ወደዚያች ነጭ ዱቄት ልመለስ። ኢፒዲኤም የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ በ1960ዎቹ ለገበያ ወጥቶ መጀመሪያ የትልልቅ ሕንፃዎችን ጠፍጣፋ ጣሪያ ለበሰ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ የአሜሪካን ቤት መኪኖች። ውበቱ በአንድ ወጥ መምጣቱ ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ውፍረት ያለው ጨርቅ ከፊት እስከ ኋላ ያለ ስፌት ይዘረጋና በኮምፔንሳቶው ላይ በማጣበቂያ ይተኛል። ብረቱና እንጨቱ ቢጓተቱ ጎማው ይለጠጣል። የመኪና ጎማ ፀሐይና አየር ሲመታው እንደሚሰነጣጠቅ እናውቃለን፤ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን የጎማውን ሰንሰለት ደካማ ማያያዣ እየፈለገ ስለሚበጥስ ነው። ኢፒዲኤም በዋናው ሰንሰለቱ ላይ ያ ደካማ ማያያዣ የለውም፤ ስለዚህ ለአየሩ አይበገርም።

የሕንፃው ኢፒዲኤም ግን ጥቁር ነው። ጥቁር የሚያደርገው የካርቦን ዱቄት ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቀው ጋሻውም ነው። የቤት መኪና ሰው ጥቁር ጣሪያ ሥር መተኛት አይችልምና አምራቾቹ ነጭ አደረጉት፤ ጋሻውም ቀነሰ። ላይኛው ገጽ ዓመት ካመት በፀሐይ እየተበላ ዱቄት ይሆናል፤ ዝናብ ሲያጥበው በመኪናው ጎንና ጎን ነጭ ዕንባ እየሆነ ይወርዳል። መዳፌን የሞላው ያ ነው። ሌላው ጠባዩ ደግሞ ከነዳጅ ተወልዶ ነዳጅ አለመውደዱ ነው። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ሬንጅ የነካው ኢፒዲኤም ያብጣል። ከአጎቴ ልጅ በፊት የነበረው ባለቤት የማቀዝቀዣውን ዙሪያ ሬንጅ ቀብቶት ነበር። እኛም አገር ቆርቆሮ ሲቀደድ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ይሠራል፣ እዚህ ግን ጎማው እንደ ውሃ እብጠት ተነሥቶ ከእንጨቱ ለቋል። ከጎማው በኋላ የመጡት ቲፒኦና ፒቪሲ የሚባሉት ንጣፎች የፕላስቲክ ዘመዶች ናቸው፤ ዱቄታቸው ያነሰ፣ ለመታጠብ የቀለሉ፣ ግን እንደ ጎማው የማይለጠጡ። የመጀመሪያዎቹ የቲፒኦ ቅመሞች በሕንፃ ላይ ቶሎ አርጅተው ነበር፤ የአሁኖቹ ይሻላሉ።

ማቀዝቀዣውን ለሁለት አንሥተን አወረድነው። ከሥሩ 36 ሴንቲ ሜትር በ36 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ፤ የአሜሪካ ቤት መኪኖች የተለመደ ልክ ነው። ከ40 ኪሎ የማያንሰውን ማሽን የሚይዙት ከውስጥ የሚጠብቁ አራት ብሎኖችና አንድ የስፖንጅ ማኅተም ብቻ ናቸው። መንገዱ ብሎኖቹን አላላቸው፤ ማኅተሙ ለቀቀ። የቀዳዳውን ጠርዝ በጣቴ ስነካው ኮምፔንሳቶው በእጄ እንደ ራሰ ዳቦ ተቆርሶ ቀረ። ጎማው በሬንጁ ቢያብጥም እዚያ ቦታ ላይ አልተቀደደም፤ አላረጀም። ጥፋቱ ጎማው ሲዘረጋ በመሃሉ የተከፈተለት ቀዳዳ ነው። ከዚያ ወዲያ ያየኋቸው የበሰበሱ ጣሪያዎች፣ አሉሚኒየምም ፋይበርግላስም ጎማም ይሁኑ፣ ሁሉም የበሰበሱት ሰው በከፈተው ቦታ ነበር፤ በአየር ማስወጫው ዙሪያ፣ በመሰላሉ እግር፣ በአንቴናው ሥር፣ በፊት ጠርዝ ብሎኖች መስመር ላይ።

ስለዚህ የትኛው ይሻላል ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ከቁሱ በፊት ስፌቱንና ቀዳዳውን ቁጠር እለዋለሁ። ሁለት ጣሪያ እኩል ቀዳዳ ካላቸው እኔ የምመርጠው በቅርጽ የወጣ ፋይበርግላስ ነው፤ ዋጋው ይከብዳል፣ ሲያረጅም ገጹ ይደበዝዛል፣ ግን በዛጎሉ ውስጥ የሚበሰብስ የለውም። ባለቤቱ ራሱ የሚያበጀው ጣሪያ ከፈለገ ኢፒዲኤም ነው፤ ሳሙናና ውሃ፣ ለሱ የተሠራ ማሸጊያ፣ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ መሰላል መውጣት ይበቃዋል። ሲሊኮን ግን አይቅረበው። በሲሊኮን ላይ ከሲሊኮን በቀር የሚጣበቅ የለምና ቀጥሎ የሚመጣው ጠጋኝ ሁሉንም ፍቆ ማውጣት ይኖርበታል።

የአጎቴ ልጅ ጎማውን መረጠ። የበሰበሰውን እንጨት ቆርጠን አወጣን፣ አዲስ ኮምፔንሳቶ ገጠምን፣ አዲሱን ጎማ ከፊት እስከ ኋላ በአንድ ወጥ ዘረጋን፤ አየር ከሥሩ እንዳይቀር በመጥረጊያ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋን ግማሽ ቀን ፈጀብን። የማቀዝቀዣው ማኅተም ተለወጠ፤ ብሎኖቹን ከውስጥ እያፈራረቅን፣ አንዱን ትንሽ ሌላውን ትንሽ፣ አጠበቅናቸው። ሁሉ ካለቀ በኋላ የሶላር ሰሌዳውን አንሥቶ መሰርሰሪያውን ይዞ ወጣ።

"ሽቦው በየት ይግባ?" አለኝ።

ከማቀዝቀዣው ኋላ የፍሪጁ አየር ማስወጫ አለ፤ ቆብ ያለው፣ ፋብሪካው የከፈተው። ሰሌዳውን በማጣበቂያ ጎማው ላይ አስተኛነው፤ ሽቦውን በዚያ ቆብ ሥር አሾልከን ወደ ታች ለቀቅነው። መሰርሰሪያው ምንም ሳይበሳ ወረደ።